አባባ «ጎርሷል» ሲሉ



ከአባባ አልጋ ሥር የአባታቸው ውጅግራ አለ። የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ «ፉዚ ግራ» የሚለው ስሙ በእኛ ሰው አፍ ውጅግራ ሆኖ ቀረ።

ቤት ሳጸዳ ሁሌ አፈሙዙን ይዤ ነው የምጎትተው። አባባ «ቀስ በይ ልጄ፣ ጎርሷል» ይሉኛል። አቧራ የጎረሰ መስሎኝ የባሰ እወለውለዋለሁ።

ዛሬ አጎቴ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ጠመንጃውን ስጎትት አየኝ። «አንቺ! አፈሙዙን ወደ ሆድሽ?» ብሎ ነጠቀኝ። የጠመንጃውን እጀታ ወደ ኋላ ሲስበው አውራ ጣቴን የሚያህል ጥይት ዱብ አለ።

አባባ ደንግጠው «ነግሬያት ነበር እኮ! ደግሞ ውጅግራ አንድ ብቻ ነው የሚጎርሰው» አሉ።

አንዱም ይበቃኝ ነበር።

እናንተስ፣ ትልልቆች ሲናገሩት ሌላ የመሰላችሁ ቃል አለ? ብቻዬን እንዳልሆንኩ ንገሩኝ።