ትርንጎና የመጋዘኑ ሁለተኛ በር

ዛሬ ጠዋት «ትርንጎ አረፈች» ብለው ሲደውሉልኝ «የትኛዋ ትርንጎ?» አልኩ። ሌላዋ ትሁን ብዬ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በሌላ ሰው ሞት ልገላገል ፈለግሁ።

እሷው ናት። ሸራ ሰፊዋ፣ የአዳራሹ ትርንጎ። ለሕክምና ጎንደር ከሄደች ገና አራት ቀኗ ነው። ትናንት ከሰዓት እኮ ደውላ ስለ ቅዳሜው ትርኢት ወንበር አደራደር ስትጨቀጭቀኝ ነበር!

አልቀበልም። ቀብሯ ላይ እቆማለሁ፣ ግን አልቀበልም።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ትርንጎ ከደጋ ወርዳ እዚህ ጠረፍ ከተማችን ገንዳ ውሃ የገባችው በወጣትነቷ ነው። ሰሊጥ የሚራገፍበትን ሸራ ስትሰፋ ኖረች። ቀጥላ የሰርግ ድንኳን መስፋትና መትከል ጀመረች። ከዚያ አንድ ቀን ተነስታ «ዘፈንና ቲያትር ለማየት ለምንድን ነው ጎንደር ድረስ የምንሄደው? እዚሁ አዳራሽ እናዘጋጅ» አለች።

ሳቅንባት። እኔም ስቄአለሁ፣ አልክድም። ሰርግ ላይ ማይክ ይዤ ሰው የማስቅ ሰው ነኝ፤ አዳራሽ ምን እንደሚፈልግ ግን ከእሷ ነው የተማርኩት።

የሰሊጥ ነጋዴው ሐጂ መጋዘናቸውን ፈቀዱላት። ባዶውን መጋዘን ስትዞር አብሬያት ነበርኩ። እኔ መድረኩ የት ይሁን እያልኩ ነው፤ እሷ በሩን ነው የምታየው። አንድ በር ብቻ ነበረው።

«ሐጂ፣ እዚህ ጀርባው ላይ ሌላ በር ይከፈትልኝ» አለቻቸው።

«ለምን? በገቡበት ይወጣሉ።»

«ሁሉም በአንዴ ልውጣ ቢልስ?»

«መጋዘኔን ወንፊት ልታደርጊው ነው እንዴ? ኸላስ፣ በቃ! አይሆንም!»

«እንግዲያው ትርኢትም አይኖርም። ቁልፍዎን ይውሰዱ» ብላ መዳፋቸው ላይ አስቀምጣላቸው ወጣች። ሐጂን እንደዚያ የተናገረ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሦስት ቀን ተኮራረፉ። በአራተኛው ቀን ሐጂ ራሳቸው በያጅ ይዘው መጡ፤ በጀርባው፣ መድረኩ ከሚቆምበት ጎን ያለው ቆርቆሮ ተቆርጦ በር ወጣለት።

በዚህ አላበቃችም። ለሴቶች ለብቻው መጸዳጃ ቤት አስቆፈረች። አብሮን የሚያዘጋጅ አንድ ልጅ «ሰው የሚመጣው ዘፋኝ ለማየት ነው፣ ይሄ ምን ያደርጋል?» ቢላት፣ «መጸዳጃ በሌለበት ሴት ሦስት ሰዓት አትቀመጥም። ካላመንከኝ እናትህን ጠይቃት» አለችው።

መድረኩን በትራክተር ተሳቢ ሠራችው። ድምፁ በቆርቆሮው እንዳይንጫጫ የራሷን ሸራ ከጣሪያው ሥር ወጠረች። ከዚያ መጨረሻ ረድፍ ሄዳ ተቀመጠችና «አውራ!» አለችኝ። አወራሁ። «አልሰማሁህም!» ደገምኩ። «አሁንም አልሰማሁህም! የመጨረሻው ወንበር ካልሰማ ትርኢት አይባልም!»

ይቺን አባባሏን ስንቴ እንደሰማኋት! ስፒከሩን አሥር ጊዜ ሳናዛውር አልለቀቀችንም።

የትርኢቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሽንፋ ሳይቀር ሰው መጣ። ነጠላ የለበሱም የሱዳኑን ረጅም ልብስ ቶብ የተከናነቡም እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ግማሹን አዳራሽ ሞሉት። በከተማችን ትርኢት ላይ ይህን ያህል እናት አይቼ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ዘፈን እንዳለቀ፣ ዋናው በር አጠገብ የጄኔሬተሩ ገመድ ጨሰ። ድምፁ ጠፋ። አንዱ «እሳት!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሁሉ ተነስቶ ወደ ገባበት በር፣ ወደ ጭሱ፣ ሊተም ሆነ። እኔ ማይኬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ትርንጎ ተሳቢው ላይ ዘላ ወጣች። ማይክ የለ፣ ምን የለ።

«ወደ እኔ! ፊታችሁን ወደ እኔ መልሱ! በዚህ በኩል በር አለ! ልጅ ያቀፈች ትቅደም!»

ያ ሁሉ ሰው ዞረ። በአዲሱ በር ወጣ። አንድም ሰው አልተረገጠም። አንዲት እናት ጫማዋ ጠፍቶባት ነበር፤ እሱም ተገኘ።

ገመዱ ላይ አሸዋ ተደፋበት፣ ጠፋ። ሰው ወደ ቤቱ ሊበተን ሲል ደግሞ «የት ልትሄዱ? ገና ሁለት ዘፈን ነው የሰማችሁት! ከበሮ መብራት አይፈልግም!» ብላ ዘፋኙን ሜዳው ላይ አቆመችው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጨፈረ።

ሐጂ ወንበር ተሸክመው ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙና «ልጄ፣ ልክ ነበርሽ» አሏት።

«ወንበሩን ያቀብሉኝ» አለቻቸው። እንዲህ ነበረች።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። «የቅዳሜው ትርኢት ተሰረዘ አይደል?» የሚል አለ። «ከእንግዲህ አዳራሹ ወደ መጋዘንነቱ ይመለስ፤ ለጠረፍ ሰው ትርኢት ምኑ ነው?» ያለኝም አለ።

መልሴ ይኼው፤ አይሰረዝም። አይመለስም። ጠረፍ ላይ የሚኖር ሰውም ሰው ነው!

በራሴ አይደለም የምለው። ለቅሶ ቤት ሄጄ ታላቅ እህቷን ጠየቅኋት። ዓይኗ አብጧል። «እኛ እናልቅስ፣ እናንተ ሥሩ» አለችኝ። «አዳራሹን የዘጋችሁ ቀን ነው እህቴን የቀበራችኋት።»

ስለዚህ ቅዳሜ ኑ። እናቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ።

ትርንጎዬ፣

አንድም ቀን አመስግኜሽ አላውቅም፤ ሁሌ ክርክር ነበርን። ዛሬም እከራከርሻለሁ፤ ለመሄድ ማን ፈቀደልሽ? አልቅሼአለሁ፣ ገናም አለቅሳለሁ፤ አንገቴን ግን አልደፋም። ይቺ ከተማ ሙቀትና ሰሊጥ ብቻ እንዳልሆነች አሳይተሽናል፤ ይኼን ማንም አይወስድብንም።

ደክመሻል፣ አሁን እረፊ። ደህና ሁኚ እህቴ። እምቢ ማለቱን ከዚህ በኋላ ለእኛ ተይው።