የእርግቤ ጥቁር ላባ

ልጅ ሳለሁ ደብረ ብርሃን እኛ ሰፈር ከእኔ በላይ እርግብ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም፤ ይህን ስናገር ቅንጣት አላፍርም። ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ጋሽ ከፈለኝ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሹፌር ነበሩ፤ ጣሪያቸው ሥር በደረደሯቸው የጣውላ ሳጥኖች እርግብ ያረባሉ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ብርዱን ሸሽተን ከሰል ምድጃቸውን ስንከብ ተረት ያወሩልናል።

በየዓመቱ የፋሲካ ማግስት እርግቦቻችንን ይዘን ግቢያቸው እንሰለፋለን። የምትበልጠውን እሳቸው ይመርጣሉ፤ የተመረጠችው ከዝነኛው ወንድ እርግባቸው ጋር ትጣመራለች፣ ጫጩቶቹም ለባለቤቷ ይሆናሉ። ያኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። የኔዋ ወተት የመሰለች ነጭ ናት፤ ክንፏ ላይ ግን አንዲት ጥቁር ላባ ነበረቻት። ውድድሩ ነገ ሊሆን ዛሬ ነቀልኳት።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ጋሽ ከፈለኝ ፍሙን እየቆሰቆሱ ስለ አንድ የአንኮበር ሰው አወሩልን። ሰውየው የበቅሎው ቦቃ ገዢ እንዳያባርርበት ፈርቶ የግንባሯን ነጭ በጥላሸት ይቀባና ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ ዝናብ ይይዘዋል፤ ጥላሸቱ በአፍንጫዋ ይንጠባጠባል። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ ሲሉ እኔ ግን ብድግ አልኩ። «እማዬ ትጠራኛለች» ብዬ ተረቱ ሳያልቅ ወጣሁ።

በማግስቱ እርግቤ ተመረጠች። ደስታዬ ግን ወር አልሞላውም፤ እንቁላሏን ታቅፋ ሳለች ላባዋ ተመልሳ በቀለች፤ ያችው ጥቁር! እንቁላሎቹን ይወስዱብኛል ብዬ እየፈራሁ፣ እያለቀስኩ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ውይ አንቺ ልጅ!» ብለው ሳቁ። «የነቀልሽበትን ቦታ ያኔውኑ በጣቴ ዳስሼዋለሁ። እኔ የመረጥኳት ለአበራረሯ ነው። ደግሞ ተረቱን ሳትጨርሺ ሮጥሽ እንጂ፣ ገዢው በቅሎዋን ገዝቷታል። ‹እኔ የማየው እግሯን ነው፤ ፊቷን ለምን አቆሸሽክባት?› ነው ያለው።»

እፍረቴም ደስታዬም ባንድ ላይ አስለቀሰኝ። ከተፈለፈሉት ሁለት ጫጩቶች አንዷ ጥቁሯን ላባ ወርሳ ነበር፤ ጋሽ ከፈለኝ «ይቺን ለእኔ ስጪኝ» አሉ፤ ሰጠኋቸው።

ዛሬ እሳቸው የሉም። በሳጥኖቼ ያሉት ብዙዎቹ የዚያች ነጭ እርግቤ ዘሮች ናቸው። ለእይታ ይዣቸው ስወጣ ጥቁር ላባ ያለበትን ክንፍ ወደ ሰው አዙሬ ነው የማቆማቸው።