እምባየ፣ ኮምፕሬሰሩና የፊዮሪ ሽኝት

እምባየን ኩፍኝ ሊገድለው ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወገኖቹ ጋር በእግሩ ወደ ሱዳን ሲሻገር ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። ረሀቡን አለፈው፤ በረሀውንም አለፈው። ኩፍኙ የጠበቀው አትባራ ወንዝ ዳር ከተተከለው ካምፕ ሲደርስ ነው። በዚያ ድንኳን አጠገቡ ከተኙት ልጆች ብዙዎቹ ሳይነሡ ቀሩ። እሱ ከስቶ፣ ቆዳው ተልጦ ተነሣ፤ ግራ ጆሮው ግን መስማት ተስኖት ቀረ። መጀመሪያ ውኃ የገባበት መስሎት በአንድ እግሩ እየዘለለ ጭንቅላቱን ያራግፍ ነበር። ውኃ አልነበረም። እናቱ፣ "አንዱ ይበቃሃል፤ የሚሰማ ነገርስ ምን አለ?" አለችው። ይህ ማጽናኛ መሆኑ የገባው ከሸበተ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን በጣም ተናደደባት። ከዚያ ወዲህም ሳይናደድ የዋለበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም።

ከካምፑ ወጥቶ ፋሽጋ በሚባለው የድንበር እርሻ በሰሊጥ አጫጅነት ተቀጠረ። ከአጨዳ ወደ ትራክተር ረዳትነት፣ ከረዳትነትም ወደ መካኒክነት አደገ። ሞተር በአንድ ጆሮም ይሰማል። ቀኝ ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠግቶ የታመመው ሞተር የቱ ጋ እንደሚያቃስት ሲያደምጥ ያዩት ባለእርሻዎች ሌላ መካኒክ አይጠሩም ነበር። ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው፤ ያስተማረውም ሰው የለም። አማርኛውንም ዐረብኛውንም ከሱቅ ማስታወቂያና ከመድኃኒት ማሸጊያ ላይ እየለቀመ ተማረ። ወገኖቹ ወደ አገር ሲመለሱ እሱ እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ቀረ። ለምን እንደቀረ ለሚጠይቀው ሁሉ፣ "ትራክተሩ ተበላሽቶ" ይል ነበር።

ወገቡ ትራክተር ሥር መተኛት እንቢ ሲለው፣ እኩዮቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሻይ ወደሚጠጡበት ዕድሜ ደርሶ ነበር። እሱ ግን ዘፈን መቅረጽ ጀመረ። በኋለኛው ጦርነት ከትግራይ የሸሹት ሰዎች እምራኩባ ካምፕ ሲሰፍሩ፣ በልጅነቱ ሰምቶ የረሳቸውን ዘፈኖች ይዘው መጡ። "እነዚህም እንደ እኔ ሊረሱት ነው" ብሎ ተናደደ፤ ንዴቱም ማይክሮፎን አስገዛው። ሙያውን በስልኩ ላይ በዐረብኛ የተሰጠ የቀረጻ ትምህርት እያየ፣ ያልገባውን መልሶ እያጫወተ ተማረ። ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው ሙዳሲር ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጠው። እምባየ ድምፁ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋን ከላይ እስከ ታች ባዶ የሰሊጥ ጆንያ አለበሳት።

በካርቱም ጦርነት ተሰዶ ገዳሪፍ የገባ አንድ ዘፈን ቀራጺ አንድ የብረት ሣጥን የሸጠለት ከዚያ በኋላ ነው። ሣጥኑ ፊቱ ላይ የሚዞሩ ቁልፎችና የድምፁን መጫን የምታመለክት አንዲት መርፌ አሉት። ስሙ ኮምፕሬሰር ነው። ይህን ስም የሰማ አንድ ባለረክሻ፣ ባለባጃጅ ማለት ነው፣ የተነፈሰ ጎማውን አየር ሊያስሞላ እያንከባለለ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እምባየ ምን ብሎ እንደመለሰው ባይጻፍ ይሻላል።

ሙዳሲርም ነገሩ አልገባውም ነበር።

"እዚህ ውስጥ አንድ ቁጡ ሽማግሌ ተቀምጧል በል" አለው እምባየ። "እጁን የድምፅ መቀነሻው ላይ አድርጓል። ድምፁ ከዚህ ደፍ ካላለፈ ሽማግሌው ዝም ይላል። ካለፈ ይጫነዋል። ይህ ቁልፍ ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚጫን ይነግረዋል፤ ይህኛው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጫን። የመጨረሻው ደግሞ ጩኸቱ ከበረደ በኋላ እጁን መቼ እንደሚያነሣ ነው። ጯሂው ዝቅ ካለልህ ወዲያ ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ ብታደርገው ሹክ የሚለውም ይሰማል።"

"ወላሂ፣ ቁጡ ሽማግሌስ አንድ አውቃለሁ" አለ ሙዳሲር። "ሣጥን ውስጥ የሚገባ አልመሰለኝም እንጂ።"

ሙዳሲር ጋላባት የተወለደ የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። እምባየን ያስመረረው ግን ቀልዱ አይደለም። ዘፈን ያስቀረጸ ሰው ሁሉ "ይጩህ!" ይላል። የገዳሪፍ ሰው ዘፈን የሚሰማው ረክሻ ውስጥ ነው፤ ረክሻው ራሱ ይጮሃል፤ ዘፈኑም ከረክሻው በላይ እንዲጮህ ይፈለጋል። ክራሩ ይጩህ፣ ከበሮው ይጩህ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ እንኳ ትንፋሹ ይጩህ! እምባየ መጀመሪያ ይከራከር ነበር፤ በኋላ ሰለቸው። ሽማግሌው ጠንክሮ እንዲጫን ቁልፉን አዞረና ሁሉንም አንድ ቁመት አድርጎ ይሰጣቸው ጀመር። "እንደ ተላገ ሳንቃ" ይላል ራሱ። ሰዉ ደስ አለው፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደደው።

ፊዮሪ የምትባል ልጅ የተዳረችው በዚህ ጊዜ ነው። እምራኩባ የገባችው ከአክስቷ ጋር ነበር። እናቷ ጽገወይኒ ሁመራ ላይ ከተለያዩ ወዲህ ያለችበት አልታወቀም። ሞተች ያለ የለም፤ አየኋት ያለም የለም።

በካምፑ ሠርግ ሁሉ የሚያዜሙት እትዬ ባሕሪያ ናቸው። ሙሽራ ያለ ወገን ስትወጣ ማየት ቢከብዳቸው ከስደት ወዲህ አንድ ልማድ አመጡ። በሽኝቱ ዘፈን መካከል የሙሽራይቱን ዘመዶች፣ የመጡትንም የቀሩትንም፣ በየስማቸው ይጠራሉ። የመጣው ራሱ ይመልሳል። ለቀረው ግን የተሰበሰበው ሁሉ በከበሮና በእልልታ "አለን!" ይልለታል። ማንም ሙሽራ እናት አባቷ ሳይመለስላቸው አትወጣም።

ለፊዮሪ ሠርግ እምባየ ሣጥኑንና ባትሪውን ይዞ ካምፑ ድረስ ሄደ። ማይክሮፎኑን እትዬ ባሕሪያ ፊት አቆመና ድምፁን በኮምፕሬሰሩ ውስጥ እያሳለፈ ቀረጸው። ሰዉ እንደሚወደው አድርጎ ሰጣቸው፤ በየረክሻውም ተሰማ።

ብዙም ሳይቆይ ፊዮሪ ወደ ሙዳሲር ሱቅ መጣች። ገዳሪፍ ባሏ ዘንድ ገብታለች፤ ሂናዋ ገና አልለቀቀም።

"አቦይ እምባየ፣ የእናቴ ስም የት ሄደ?"

"የት ይሄዳል? እዚያው ነው።"

"የለም።"

"ስልክሽ ነዋ! የሽንብራ ፍሬ በምታህል ማጉያ ምን ልትሰሚ ኖሯል?"

"በትልቁም ሰማሁት፤ የለም" አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የዚያን ዕለት ተሸፋፍኜ፣ ሴቶቹ ጆሮዬ ሥር እልል ሲሉ አልሰማሁትም። በቀረጻው እሰማዋለሁ ብዬ ነበር" አለችው።

እምባየ እያጉረመረመ ከፈተው። "ሓፍቶም!" አሉ እትዬ ባሕሪያ፤ የአጎቷ ስም ነው። "አለን!" አለ ሕዝቡ፤ ከበሮው ተመታ፤ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚመጣ ያለ ነገር ተሰማና መጨረሻው ላይ "...ኒ!" አለ። "አለን!"

ደግሞ ከፈተው። "...ኒ!"

"እትዬ ባሕሪያ አርጅተዋል፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል" አለ። "ወይም ያ የሙዳሲር ማይክሮፎን ገመድ ነው።"

"ገመዴን ተዉልኝ፣ ያ ዓም፣ አጎቴ" አለ ሙዳሲር ከወዲያ። "ይልቅ ያ የሣጥንዎ ሽማግሌ ሴትዮዋን በላቸው እንዴ?"

ሙዳሲር ይህን ያለው ሊያበሽቀው ነበር። እምባየ ግን ሊሰድበው የከፈተውን አፉን ዘጋና ወደ ሣጥኑ ሄደ። በዚያው የቁልፍ ልክ፣ በቀኝ ጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ሊያደምጥ፣ ከሌላ ሠርግ በቀረው፣ በሣጥኑ ውስጥ ባላለፈ ጥሬ ቅጂ ሞከረው። ሕዝቡ ሲጮህ መርፌዋ ተወረወረች። ጩኸቱ ቆመ፤ መርፌዋ ግን ሽቅብ እንደሚወጣ የተጫነ አህያ ቀስ እያለች ተመለሰች። እሷ እስክትመለስ ዘፋኟ ቀጣዩን ቃል ጀምራ ጨርሳለች። የዚያች የስልክ ትምህርት አስተማሪ፣ "እጁን ቀስ ብሎ እንዲያነሣ አድርጉት፣ ድምፁ ይለሰልሳል" ብሎ ነበር። እምባየም እንዲሁ አድርጎ ነበር። አስተማሪው እውነቱን ነው፤ የእሱ ዘፋኝ ግን ብቻዋን ነበረች። "አለን!" የሚል ካምፕ ሙሉ ሕዝብ ከኋላዋ አልቆመም።

ሽማግሌው የተጫነው ጩኸቱን ነው፤ እጁን ሳያነሣ የተጠራው ግን የጽገወይኒ ስም ነው።

በኮምፒውተሩ ያቺን ስም ብቻ ነጥሎ ከፍ ሊያደርጋት ሞከረ። የካምፑ ጄኔሬተር ጉርምርምታ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የእልልታው ጭራ አብረው ተነሡ፤ ስሟ ግን አልተነሣችም። ተጭኖ ከተቀረጸ በኋላ የሚፈታ ነገር የለም። በኋላ ለብቻ ሊጫነው የሚችለውን ድምፅ ገና ሲገባ መጫኑ የእሱ ጥድፊያ ነበር። ጆንያውን በጡጫ መታው፤ የሰሊጥ አቧራ አስነጠሰው።

በማግስቱ በሚኒባስ እምራኩባ ሄደ። እትዬ ባሕሪያ ማሽላ ሲያበጥሩ አገኛቸው።

"እትዬ፣ ያን ሽኝት እንደገና እንዲያዜሙልኝ ነው።"

ሰፌዱን አስቀመጡ። "ሙሽራ ሁለቴ አትሸኝም። የሌለ ሰው ስምስ ሁለቴ ተጠርቶ ያውቃል? ያ ሙሾ ነው! ጽገወይኒን እኔ ልቅበራት?"

"ማን ቅበሩ አለዎት? ስሟ አልተሰማም ነው የምልዎት።"

"እኔ ጠርቻለሁ!"

"ጠርተዋል።"

"ሕዝቡም መልሷል!"

"መልሷል፣ እትዬ፣ መልሷል!"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

እምባየ ገመዱንም፣ ስልኩንም፣ የሴትዮዋን ትንፋሽም በሐሳቡ አየ። ሁሉም ሊያመካኝባቸው የሚመቹ ነበሩ። "እርስዎ ጠሩ፤ እኔ ዋጥሁት" አለ። "ልጅቱ አልሰማችም። የሙሽራይቱ ጆሮ ሳይደርስ የቀረ ስም ተጠርቷል ይባላል?"

እትዬ ባሕሪያ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፉ። "ያ ሣጥንህ ካለበት እግሬን አላነሣም።"

"ያለ እሱማ ሲጮሁ ማይክሮፎኑን ይሰነጥቁታል!"

"ይሰንጠቅ!"

"እትዬ፣ ሞተር መጠን የሚይዝለት ነገር ከሌለው ራሱን ይበላል። ሣጥኑ ይኖራል። አርፎ ይቀመጣል እንጂ።"

"አንተስ አርፈህ ትቀመጣለህ?"

"እሱን ቃል አልገባም" አለ እምባየ። እትዬ ባሕሪያ ሳቁ። መጡም።

በዚህ ጊዜ እንደ ሠርጉ አላደረገም። እትዬ ባሕሪያን ብቻቸውን ጆንያ በለበሰችው ክፍል አቆማቸው። ተቀባዮቹንና ከበሮውን ሙዳሲር ሱቅ ውስጥ በሌላ ማይክሮፎን አደረጋቸው፤ የእነሱ ጩኸት የሽማግሌውን እጅ በእትዬ ድምፅ ላይ እንዳያሳርፍ። ሣጥኑን ለእትዬ ብቻ ሰጠ፤ ደፉን ከፍ፣ ጫናውን ቀለል አድርጎ፣ እጁንም ቶሎ እንዲያነሣ አዘዘው። ፊዮሪ መሐል ላይ፣ የሁለቱንም ድምፅ በምትሰማበት በር ተቀመጠች።

"ሓፍቶም!" አሉ እትዬ። "አለን!" አሉ ሴቶቹ። መርፌዋ ነቅነቅ ብላ ወዲያው ተመለሰች።

"ጽገወይኒ!"

ጥርት ብሎ ወጣ። ከ"ጽ" እስከ "ኒ" ድረስ አንድም አልጎደለም። ሴቶቹ "አለን!" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ፊዮሪ እጇን አነሣችና አስቆመቻቸው። ከዚያ ራሷ፣ ሰው በቤቱ ውስጥ እንደሚናገረው ያህል፣ "አለች" አለች።

ድምፅዋ ማይክሮፎኑ ውስጥ ገባ፤ ከሣጥኑ ደፍ ግን አላለፈም። መርፌዋ አልተንቀሳቀሰችም። እትዬ ባሕሪያ የሚቀጥለውን ስም ከመጥራታቸው በፊት ትንሽ ቆዩ፤ እምባየም ስልኩ ቢጠራ፣ ሰው በር ቢያንኳኳ፣ ሙዳሲር ቢያስነጥስ ምን እንደሚያደርገው እያሰበ ትንፋሹን ያዘ። ሙዳሲር አላስነጠሰም።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ሙዳሲር ሰማውና ግንባሩን ቋጠረ። "ያ ዓም፣ ቆንጆ ነው። ግን ይህቺ 'አለች' የምትለዋ ዝቅ አለች። ረክሻ ውስጥ ማን ይሰማታል? ትንሽ ከፍ ያድርጓት።"

"ረክሻውን አቁሞ ይስማ።"

"ባለረክሻ ያቆማል እንዴ?"

"እንግዲያስ አይስማ! ለእሱ አልተነገረም።"

"እሺ፣ እሺ፣ ኻላስ፣ በቃ፤ አይቆጡ። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሲለፉ፣ ይህን ሁሉ ቁልፍ ሲያዞሩ፣ ከሁሉ የሚበልጥብዎት ምንድን ነው?"

እምባየ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። ጠቅልሎ ምስማር ላይ ሰቀለው።

"እኔ ብዙ ተምሬአለሁ፣ ሙዳሲር፤ አብዛኛውም ራስ ምታት ነው" አለ። "የሚበልጠውን ከጠየቅኸኝ፣ ሰው ስሙ ሲጠራ ጥርት ብሎ ይሰማ፤ የሚመልስለትም ሰው ቀስ ብሎ መመለስ ካሻው፣ ቀስ ብሎ ይመልስ። ከበሮውን እንዳሻህ አስጩኸው፤ እልልታውንም አስጩኸው። ይህቺን ልጅ ግን አትንካብኝ። ልክ በተናገረችበት ቁመት ትቆይ።"