አጎቴ እና የአባትየው ወንበር

አጎቴ ካሜራቸውን ዓይናቸው ላይ እንዳደረጉ ሁልጊዜ የሚሏት ነገር ነበረች፤ «እኔን አትዩኝ፣ እርስ በርሳችሁ ተያዩ።» የዘመድ ሰርግ ሲኖር ሆሊውድ ካለው የፓርኪንግ ሥራቸው ፈቃድ ወስደው በነፃ ያነሱ፣ ፊልሙንም ራሳቸው ያሳጥቡ ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ አገር ቤት የሞተው ወንድማቸው ልጅ ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለ አዳራሽ ተዳረች። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ሲነሱ በአባቷ ወንበር መቀመጥ የሚገባቸው አጎቴ ነበሩ። ከረባታቸውን አስተካክለው ካሜራውን ሲያቀብሉኝ ሚዜው ጮኸ።

«ኖ፣ ኖ፣ ጋሼ! እርስዎ ከተቀመጡ ማን ሊያነሳን ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሙሽራዋም ሳቀች። ወንበሩ ላይ የአዳራሹ ባለቤት ተቀመጡና ጉልበታቸው ተሳመ። አጎቴ ካሜራውን ከእጄ መልሰው ወሰዱ። «እኔን አትዩኝ» አሉና ዓይናቸው ላይ አደረጉት። እንዲህ ባለ የሙት መታሰቢያ ጽሑፍ ሰው መውቀስ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ያን ሳቅ ግን እኔ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

አጎቴ ዘንድሮ አረፉ፤ ለቅሷቸው ላይ ሙሽራዋ ጥቁር ለብሳ መጣች። ያው ሚዜ የአጎቴን ካሜራ ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጠኝ።

«እስቲ የጋሼን ፎቶ ስትስም አንሺያት፤ አገር ቤት እንልከዋለን።»

ሙሽራዋ ፎቷቸው ሥር ተንበርክካ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ እስካነሳት ጠበቀች።

«እኔን አትዪኝ፤ እሳቸውን እዪ» አልኳት። ካሜራውንም አጎቴ ይቀመጡበት በነበረው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።