የግራው ካርቡሬተር

ማዕረግ ቤንዚን ከመግዛቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ ያደርጋል። ቶሎ ከተነነና ቆዳውን ቀዝቀዝ ካደረገው ይገዛል፤ ቅባት ትቶ ከቀረ ግን ጠርሙሱን መልሶ ሻጩን ትክ ብሎ ያየዋል። ጎማ በጥርሱ ይነክሳል። የካንዴላ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥፍሩ ይፍቃል። መተማ ዮሐንስ ያስተማረችው እንዲህ ነው። ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት ናት፤ ከዚያ ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ስም አለው፤ ስሙ የራሱ ይሁን የተዋሰው ግን የሚያውቅ የለም።

ጥርጣሬው ለራሱ ብቻ ቢሆን ማንንም ባልጎዳ ነበር። ነገር ግን የከተማው ባጃጅ ነጂዎች «ማዕረግ ምን አለ?» ሳይሉ መለዋወጫ አይገዙም። ባለፈው ክረምት አንድ የሞተር ዘይት ሻጭ ደጃፍ ቆሞ ዘይቱን በሁለት ጣቶቹ አሸት አድርጎ «እንጃ» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ከዚያች «እንጃ» በኋላ የሰውየውን ሱቅ ሰው አልረገጠውም። ሰሊጥ ሲታጨድ በሩ ተዘጋ፤ ሰውየውም ወደ ሳንጃ ሄደ ተባለ።

ነጂዎቹ የሚያምኑት ቤንዚን በጠፋባቸው ዓመታት ስላኖራቸው ነው። ማዕረግ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ይመዝዝና፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን በምታልፍባት የመርፌ ቀዳዳ ይሰካታል። ቀዳዳዋ ትጠባለች፤ ባጃጁ ጉልበቱ ቢቀንስም የሚጠጣው ያንሳል። በኋላ ተስባ እንድትወጣ የክሯን ጫፍ እንደ መንጠቆ ያጥፋታል። ይህችን መንጠቆ ሌላ መካኒክ አይሠራትም። ነጂዎቹ «የማዕረግ ፀጉር» ይሏታል። በዚህ ከተማ ፀጉሩ ያልገባበት ባጃጅ ጥቂት ነው።

አሁን የሚጠግነውን ሞተር ሳይክል ያገኘው አንድ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ውስጥ፣ ዶሮ ሲያድርበት ነው። መሪው ላይ አውራ ዶሮ ቆሟል፤ ወንበሩ በነበረበት ቦታ ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋለች። የእንግሊዝ ሥሪት፣ ያባቱ ዘመን ዕቃ፤ ሁለት ሲሊንደሮቹ እንደ መንትያ ጎን ለጎን የቆሙ። ማዕረግ ተቀምጦ ዝገቱን በጨርቅ ሲፈትግ፣ ከሥሩ መዳፍ የማታክል ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለች። ያን ሁሉ ፀሐይና ያን ሁሉ ኩስ ችላ ሰማያዊ ሆና ቆይታለች! ማዕረግ በሕይወቱ ሳይጠራጠር ያመነው ነገር ያች ሰማያዊ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

የጎደለውን ከየትም ከየትም ለቃቅሞ አሟላው። ወንበሩን ሚስቱ አየሁሽ ከጭነት መኪና ሸራ ሰፋችለት። አገላብጦ ስፌቱን ሲመረምር አየችው።

«ጎትተህ እየው እንጂ! እኔም ከጋላባት የገባሁ መስሎህ ነው?»

የቀረው ካርቡሬተር ነበር፤ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጠጣው ዕቃ። ለሁለቱ ሲሊንደሮች ሁለት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም እኩል መተንፈስ አለባቸው።

«የባጃጅ ካርቡሬተር ግጠምለትና ተገላገል» አለው አንዱአምላክ፣ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ ጫት እያላመጠ።

«ለመንትያ አንድ ጡጦ?»

«ታዲያ በየተራ ይጥቡ!»

ገንዳ ውሃ ድረስ ሄዶ አዲስ ጥንድ አየ። ያብለጨልጫሉ። በእጁ ሲመዝናቸው ቀለሉት። ከሞተሩ ጋር የሚገጥመውን ፊታቸውን መስታወት ላይ አስቀምጦ በጣቱ ገፋ ሲያደርጋቸው ተንገዳገዱ። ገና ከካርቶናቸው ሳይወጡ የተጣመሙ፣ የመተማ ሙቀት ሲያገኛቸው ምን ሊሆኑ ነው? ትቷቸው ተመለሰ።

ከዚያ ሩፊዳ ጠራችው። ሩፊዳ ወደ ጉምሩክ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር ሸራ ዘርግታ መለዋወጫ የምትሸጥ ሴት ናት። እናቷ የመተማ ናት፣ አባቷ የገዳሪፍ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የሚተዳደረው ከዚያ ሸራ ላይ በሚነሳው ዕቃ ነው። በአሮጌ ሻሽ የጠቀለለችውን ፈታ ሁለት ካርቡሬተሮች አስቀመጠችለት፤ ከርመው የጠቆሩ፣ ከባድ።

«ያ ኡስታ፣ መንትያህን አመጣሁልህ። ገዳሪፍ አንድ ሽማግሌ ቤት ነበሩ። ኦርጅናል፣ ሚያ ሚያ፣ መቶ በመቶ።»

«ሽማግሌው ለምን ሸጣቸው?»

«ሞተሩ ስለሞተ።»

«ሞተሩስ ለምን ሞተ?»

«ወላሂ ማዕረግ፣ አንተ ፖሊስ ብትሆን ይህ አገር ሙሉ እስር ቤት ነበር!»

መስታወቱን ከኪሱ አውጥቶ ሞከራቸው። አልተንገዳገዱም። ይህም አልጣመው፤ ምንም እንከን የሌለው አሮጌ ዕቃ በዚህ ጠረፍ አይቶ አያውቅም።

«ነገር ከተገኘበት እዚሁ ዛፍ ሥር ይዤው እመጣለሁ» አለ።

«አምጣው። እኔ ከዛፉ የትም አልሄድ።»

ቤቱ ወስዶ ፈታታቸው። በቤንዚን አጠባቸው፣ ነፋባቸው፣ በጨርቅ አደረቃቸው። የተበየደ ስንጥቅ፣ በቀለም የተሸፈነ ቁስል ፈለገ። ዓይኑ የሩፊዳን ተንኮል ሲያስስ እጁ ለብቻው የለመደውን ይሠራ ነበር። ግራውን ገጠመ። ቀኙን ገጠመ።

መርገጫውን ሲመታው ሞተሩ ተነሳ። በሚኒሞ፣ ማለት ነዳጅ ሳይሰጠው እንዲሁ ሲንሾካሾክ፣ እንደ ሁለት ሽማግሌዎች ጨዋታ የተስማማ ድምፅ ነበረው። አየሁሽ ሳይቀር ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደግፋ አደመጠች። እጀታውን ጠምዘዝ ሲያደርገው ግን ግራው ሲሊንደር «ጧ!» ብሎ አስነጠሰ። ቀኙ ሊበር ይፈልጋል፤ ግራው ትንፋሽ አጥሮት ይስላል። ካንዴላዎቹን አቀያየረ፤ ሳሉ በግራ ቀረ። ገመዶቹን አቀያየረ፤ አሁንም ግራው።

«አውቄያለሁ!» አለ ማዕረግ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ። አየሁሽ ሰማችው፤ ያዘነ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ከመሄድህ በፊት ከፈት አድርገህ እየው» አለችው።

«እዚህ ከከፈትኩት አንተ ነህ ያበላሸኸው ትለኛለች። እፊቷ ነው የምከፍተው።»

ሞተሩን እየገፋ በዋናው መንገድ ሄደ። የካቲት ነበር፤ አስፋልቱ ከሩቅ ሲያዩት ውሃ ይመስላል። ማዕረግ የገዛውን ዕቃ እየገፋ ወደ ሻጩ ሲመለስ ያየ ሁሉ ምን እንደሆነ ገባው። ባጃጆች እየቆሙ፣ ነጂዎቹ እየተከተሉት ዛፉ ሥር ሲደርስ ሰው ከቦታል።

«ሩፊዳም እንደ ዘይቱ ሰውዬ ልትሆን ነው» አለ አንዱአምላክ፣ ቀስ ብሎ መስሎት። ሁሉም ሰማው። አንድ ገበሬ ለውሃ መሳቢያው ሊገዛ ያነሳውን የጎማ ቀለበት መልሶ ሸራው ላይ አኖረ። ሩፊዳ ቀለበቱን አየች፤ ከዚያ ማዕረግን አየች።

«ግራው የውሸት ነው» አለ።

«ክፈተው። በዓይኔ ልየው።»

በካቻቢቴ ፈታው። የታችኛውን ጎድጓዳ አወጣ፣ ከውስጡ ቤንዚን የምታልፍባትን ትንሽ ነሐስ ነቅሎ ወደ ፀሐይ ቀና አደረጋት። በቀዳዳዋ የሚገባው ብርሃን ክብ መሆን ነበረበት። አልነበረም። መሐሉን አንድ መስመር ቆርጦታል። በጥፍሩ ሲነካው ጫፉ መንጠቆ ነበር።

ማዕረግ ነሐሷን እጁ ውስጥ ጨበጣት።

ያየ የለም። እሱ ብቻ ነው ያየው። እጁ ስንት ዓመት እንደለመደው፣ ሳያማክረው፣ ፀጉሯን ሰክቶ ዘግቶታል። ባጃጅ አንድ ካርቡሬተር ብቻ ስላለው ደግሞ እጁ አንዱን ሲጨርስ ሥራው ያለቀ መስሎት ሁለተኛውን እንዳለ ትቶታል። ቀና ሲል ሩፊዳ የሸራውን ጫፍ ይዛለች፤ ልትጠቀልለው እንደሆነ፣ ወይም እጇ መያዣ አጥቶ እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ቃል ምላሱ ላይ መጣ። አጭር ቃል ናት፤ «እንጃ»። ይህችን ቃል ብሎ ቢሄድ ማንም አይጠይቀውም። በዘይቱ ሰውዬ ጊዜስ ማን ጠየቀው?

ጨብጦ ቆየ። ላቡ በክርኑ ወረደ።

ከዚያ በጥፍሩ ስቦ አወጣትና ለሁሉም አሳየ። ፀሐይ ላይ ቀይ ሆና ታየች።

«ፀጉሯ የኔ ናት» አለ። «ዕቃው ደህና ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

 ከዚያ አንዱአምላክ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«ባጃጅ መስሎህ! ማዕረጌ፣ ባጃጅ መስሎህ አንዱን ጨርሰህ እጅህን ታጠብክ!» ሳቁ ከነጂ ወደ ነጂ ዞረ። ማዕረግም ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው።

ሩፊዳ አልሳቀችም።

«ቀኙንም ክፈት።»

«ቀኙ ደህና ነው።»

«ማነው ያለው? አንተ?» ሸራውን ለቃ ተነሳች። «እኔ እንጃ።»

ማዕረግ ፊቱ ቀላ። ተንበርክኮ ቀኙን ከፈተ። ነሐሷን ከእጁ ነጥቃ ራሷ ወደ ፀሐይ ያዘቻት፣ አዟዟረቻት፣ በጥርሷ ነከስ አደረገቻት፤ እሱ እንደሚያደርገው። ከዚያ የግራውንም እንዲሁ አየች፤ ከውስጥ የቀረች ክር እንደሌለች እስክታረጋግጥ አልመለሰችለትም።

ገጥሞ አስነሳውና እጀታውን ጠመዘዘ። ግራና ቀኙ አንድ ላይ ጮኹ፤ ከኒሙ ላይ ወፎች ተነሱ። ሩፊዳ መዳፏን በአንደኛው ጭስ ማውጫ አፍ ፊት፣ ቀጥላ በሌላው ፊት ያዘች፤ የትንፋሹን ምት እየለካች።

«እኩል ነው» አለ ማዕረግ።

«እስከ ድልድዩ ሄደህ ተመለስ። ያኔ እናያለን።»

ሄደ። ንፋሱ ሞቃት ቢሆንም ንፋስ ነበር፤ ከታንኩ ላይ ያቺ ሰማያዊ ከጉልበቱ መሐል ትታየዋለች። ከድልድዩ ሳይደርስ የተዘጋው የዘይት ሱቅ አለ። ቁልፉ ዝጓል፣ ደጃፉ ላይ አቧራ ተከምሯል። ሳያስበው እጀታውን ለቀቀና ሞተሩ በሚኒሞ ተንሾካሾከ። ዘይቱ ውሃ ነበረበት? በሁለት ጣቱ አሸው እንጂ አንድ ጣሳ እንኳ በሰው ፊት አልከፈተም ነበር። የዛሬው ደስታ፣ አየሁሽ የሰማችው ደስታ፣ ያን ቀንም እንደነበረ ትዝ አለው። አሁን ለማየት ዘይቱ የለም፤ ሰውየውም የለም።

ሲመለስ ሰዉ ተበትኗል። ገበሬው ግን አሁንም ሸራው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያችን ቀለበት በእጁ ያገላብጣል። ማዕረግን ሲያይ ከፍ አድርጎ አሳየው።

«ምን ትላለህ?»

ማዕረግ ሞተሩን አጠፋ። ቀለበቱን ለመንካት እጁ ሲዘረጋ አየውና መልሶ ሰበሰበው።

«እሷን ጠይቃት» አለ።