ሪህ፣ ጥሬ ጎመን እና የየሺ ገበታ

ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ስልሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከዲላ ጭኜ ወደ ሐዋሳ ስመለስ የግራ እግሬ አውራ ጣት ጋለብኝ። ጫማው የነከሰኝ መሰለኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር መርፌ የሚወጋኝ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማርሽ መቀየር ተውኩ። በአንዱ ማርሽ እየጎተትኩ፣ ከኋላዬ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባ እየነፋብኝ ከተማ ገባሁ። መናኸሪያ አካባቢ ነው ቤቴ። ሰው ደግፎ አወረደኝ። ጫማዬን ሳወልቅ ጣቴ ቀልቶ ያብረቀርቃል።

ባለቤቴ የሺ እንዳይበርደኝ ብላ ነጠላ ጣል አደረገችበት። ጮህኩ። ነጠላ ከበደኝ። ይህን ያልታመመ ሰው አያምነኝም። የታመማችሁ ግን ታውቁታላችሁ፤ የምጽፈውም ለእናንተ ነው።

የሺ ሐኪም ቤት እንሂድ አለች። ወለምታ ነው፣ አልሄድም አልኩ። ወጌሻ ተጠራ። ቅቤ ቀባ፣ ጣቴን ያዘና ሳበው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ሐኪም ቤት የገባሁት በሰው ጀርባ ነው።

ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። ደሜን አስመረመረች። ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ደሜ ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያዬ ላይ እንደ ጨው ተጋግሯል አለች። የበሽታው ስም ሪህ ነው።

«አባባ፣ ሥጋ ይወዳሉ?»

«የማይወድ አለ?»

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን፣ ጥብሱን፣ ጉበቱን፣ ጨጓራውን። ዓሣም እበላለሁ። ቢራም አለ።»

«አንድም አላስቀሩልኝም» ብላ ሳቀች። ሕመሙ ሲበርድልኝ አሎፑሪኖል የሚባል ክኒን አዘዘችልኝ። በየቀኑ ይዋጣል፣ ሥጋው ይቀነስ፣ ጉበትና ቢራ ጨርሶ ይቅር፣ ውኃ በብዛት ይጠጣ አለች። እሺ ብዬ ወጣሁ። ክኒን የሚዋጠው ሲያም ነው ብዬ ስለማስብ ሲያመኝ እውጣለሁ፣ ሲተወኝ እተወዋለሁ። ሥጋውንም አልተውኩ። ሻሸመኔ ስደርስ ቁርጥ፣ ሐዋሳ ስገባ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄድኩ።

ከዚያ ጉልበቴን ያዘኝ። ከዚያ እጄን። የቀኝ እጄ ጣቶች ላይ እብጠት ወጣ። አንዱ ፈነዳ። የወጣው መግል አይደለም። ነጭ ነው፣ እንደ ጠመኔ። ዶክተሯ ቶፋይ ይባላል አለች። መሪ መጨበጥ አቃተኝ። መኪናውን ለባለንብረቱ አስረከብኩ። ቤት ገባሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ተኛሁ። ግድግዳ አየሁ። ሽንት ቤት የምትወስደኝ የሺ ናት። እሷም አሮጊት ናት። አንድ ቀን ደግፋኝ ስትሄድ ሁለታችንም ወደቅን። መሬት ላይ እንዳለን፣ እኔ በልቤ እግዚአብሔርን፣ ነገን አታሳየኝ አልኩት። አሳየኝ። ከነገ ወዲያንም አሳየኝ። በየቀኑ ይኸው ነበር።

መምህር ታደሰ የሚባሉ ጡረተኛ ጎረቤት አሉን። ደም ግፊት አለባቸው። እሳት የነካው ነገር አይበሉም፤ ከእንስሳ የመጣም አይበሉም። ጤነኛ ሳለሁ መምህር ጥንቸሉ እያልኩ ሰፈሩን ሳስቅባቸው ኖሬያለሁ። ሊጠይቁኝ መጡ። እስቲ ያን ነገርዎን ይንገሩኝ አልኳቸው። አፌ እንዴት እንዳወጣው አላውቅም። እሳቸው አልሳቁብኝም። ከመብላትዎ በፊት ጎመኑን፣ ያበቀለውን አምላክ፣ የሚያላምጠውን ጥርስዎንም ያመስግኑ አሉኝ። ሲሳሳቱ ደግሞ ራስዎን አይስደቡ፤ ይቅር ይበሉትና የሚቀጥለውን ሰሃን ደህና አድርገው ይብሉ አሉ። ምስጋናው ገባኝ። ይቅርታው ግን ለሰነፍ የተሠራ ነገር መሰለኝ።

እንደ እሳቸው ጥሬ ልበላ መቁረጤን ለዶክተሯ ነገርኳት። «ሥጋውን መተውዎ ጥሩ ነው» አለች። «ጥሬ ካልሆነ አልበላም ካሉም አልከለክልዎትም። ግን ሪህዎን የሚይዘው ክኒኑ ነው፣ ጎመኑ ያግዘዋል። ክኒኑን አቁመው ከመጡ እጣላዎታለሁ።» ሥጋም እንቁላልም ወተትም የማይበላ ሰው ቢ12 የሚባል ቫይታሚን ስለሚያንሰው እሱንም አዘዘችልኝ። አትክልቱ በደንብ ይታጠብ ብላኝ ነበር። እኔ ምን አጥባለሁ ብዬ ሰላጣውን አራግፌ በላሁ። አሜባ ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ማጠብ ለመድኩ።

ለጓደኞቼ ጥሬ ጀመርኩ ብዬ ስነግራቸው ከፍያለው የሚባል አብሮኝ የነዳ ሰው «ድሮስ መቼ ተውከው?» አለኝ። ጎመንና ካሮት እንደሆነ ሲገባው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ምስርና ሽምብራ ነክሬ በጨርቅ ጠቅልዬ በቆልት አበቅላለሁ፤ እሱንም እንደማያበስለው ሰማ። ስሜ በቀለ ነው። «በቀለ በቆልት» ብሎ አወጣልኝ። መናኸሪያ ውስጥ እስካሁን የምጠራው በዚህ ነው።

መጀመሪያ የምትከትፍልኝ የሺ ነበረች፤ ጣቴ ቢላ አይዝም። አንድ ቀን ቢላውን አስቀመጠችው። «እኔ የፍየል መኖ ስከትፍ አልኖርም» አለች። ካሮቱን በሁለት እጄ ጨብጬ በመፈቅፈቂያ መፈቅፈቅ ለመድኩ። ጎመኑን በእጄ እቀደዋለሁ።

እኔና የሺ አርባ ዓመት በአንድ ትሪ ነው የበላነው። አሁን የወጡ ሽታ ያስጎመጀኛል። ስለዚህ ሰሃኔን ይዤ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ። እንዲህ የሚበላ የተጣላ ሰው ነው። እኛ አልተጣላንም። በላሽ ወይ እላታለሁ። በልቻለሁ ትላለች። ስትበላ አላየሁም።

ጾም ሲገባ ተመሳሰልን ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ሽሮዋን ትሠራለች፣ እኔ ሽሮ እሳት ነክቶታል ብዬ አልቀርብም። ፋሲካ ደረሰ። ዶሮውን ሠርታ አቀረበች። እኔ ሰሃኔን ይዤ ወደ መስኮቴ ሄድኩ።

«ዓለም ሁሉ ፈታ» አለች፣ «አንተ መቼ ነው የምትፈታው?»

«እኔ አልጾምኩም። ታክሜ ነው።»

ወጡን ከደነችው። ከዚያ ለጎረቤት አወጣችው። አንድ እግር እንኳ ለራሷ አላስቀረችም። እኔ ጎመኔን አላመጥኩ። አመስግኜ ነበር የጀመርኩት።

ሰውነቴ ግን እየተመለሰ መጣ። ክኒኑን በየቀኑ መዋጥ ከጀመርኩ፣ ሥጋውንና ቢራውን ከተውኩ በኋላ እብጠቱ ቀስ በቀስ እየሟሸሸ፣ መጀመሪያ በክራንች፣ ቀጥሎ በከዘራ፣ በኋላም ከዘራውን በብብቴ ይዤ እስከ ሐይቁ ዳር ደርሼ ለመመለስ በቃሁ፤ ዶክተሯም የደሜን ውጤት አይታ ዩሪክ አሲዱ ወርዷል ስትለኝ እጇን ልስም ጎንበስ ስል ጉልበቴ መታጠፉን ያየሁት ያኔ ነው። ፓፓያ እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት አቮካዶውን ስከፍተው ተመስገን እላለሁ፣ ከልቤ። የሺ ከጓዳ ትሰማኛለች።

አንድ ቀን እግሬ አሞራ ገደል አደረሰኝ። ከፍያለው ተቀምጦ ጥሬ ዓሣ እየበላ ነው። ና ተቀመጥ አለኝ። አልበላም አልኩት። ዓሣ ሥጋ አይደለም፣ በጾምም የሚበላ ሰው አለ አለኝ። ሥጋ ይሁን አይሁን ሪህን እንደሚቀሰቅስ አውቃለሁ፤ ዶክተሯ ነግራኛለች። ቁራሹን በዳጣ ነክሮ ዘረጋልኝ። ወሰድኩ። ጣፈጠኝ፤ ምን ብዬ እዋሻለሁ። ደገምኩ። ቢራም መጣ።

ሁለቱም እግሬ ተያዘ። ጉልበቴም። ትኩሳት መጣ። እንደገና ያ ግድግዳ። ይህን ሁሉ ጎመን የበላሁት ለምንድነው? ሰው እንዴት በአንድ ቁራሽ ዓሣ ይሸጣል? የመምህር ታደሰን ይቅርታ አስታወስኩና ተናደድኩ። ከዘራውን አንስቼ የገዛ እግሬን መታሁት። ከዚያ ያለውን ሕመም አልጽፈውም።

ማላመጥ ስላቃተኝ የሺ አጥሚትና ሽሮ ታመጣልኝ ጀመር። ትሪውን አልጋው ላይ ታስቀምጥና አብራኝ ትበላለች። ተኝቼ እያለሁ ጉንጯ ሞላ። ድምጿም ተመለሰ፤ ጎረቤቱን ሁሉ እያማች ታስቀኛለች። አየሁት። ግን የመሰለኝ ሌላ ነው። በመሸነፌ ደስ ብሏት ነው አልኩ። እንደተነሳሁ እልኬን ይዤ ወደ ጥሬዬ ተመለስኩ። ወደ መስኮቱም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሺ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። እርጥብ አንሶላ ላይዋ ላይ ነበር። ሳነሳት ቀለለችኝ። በሽተኛው ሰውዬ፣ እኔ፣ አነሳኋት። ይህን ያህል ቀላል መሆን አልነበረባትም።

ወደዚያችው ዶክተር ወሰድኳት። መዘኗት፣ ደም ወሰዱ፣ ሆዷን በአልትራሳውንድ አዩ፣ ጨጓራዋንም መረመሩ። ከደም ማነስና ከክብደት መቀነስ ሌላ ያገኙት ነገር የለም።

«እማማ፣ ምግብ ይበላሉ?»

«እበላለሁ።»

«ከማን ጋር?»

የሺ ነጠላዋን አስተካከለች። ግድግዳውን አየች። «ብቻዬን አይወርድልኝም» አለች።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ባጃጅ ውስጥ ሆነን ጥሬውን እተዋለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከአንቺ ጋር እበላለሁ አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ከዚያስ?» አለችኝ። «ተመልሰህ ልትተኛልኝ? አሁን አንተን የምሸከምበት አቅም አለኝ?»

ጎመኑንና ክኒኑን ይዤ የቆምኩበት እግር ይኸው ነው። የቆምኩት ግን እሷ እየወደቀች ነው። ብበላም ጥፋት ባልበላም ጥፋት መሰለኝ።

ሪህ ለያዛችሁ የምላችሁ ይህ ነው። ክኒናችሁን ሳያማችሁም ዋጡ፤ ከሐኪም ሳትነጋገሩ አታቁሙ። እንደ እኔ ጥሬ ለመብላት የቆረጣችሁ አትክልቱን እጠቡ፣ ቢ12ን አትርሱ፣ ደማችሁን አስመርምሩ። እኔ የምበላውን ሁሉም ሰው ይብላ አልልም፤ ለእኔ የሆነኝ ለሌላው ላይሆን ይችላል። ስትሳሳቱ ደግሞ እግራችሁን አትምቱ። መምህር ታደሰ ልክ ነበሩ። ዓሣውን ለራሴ ይቅር ብያለሁ። የየሺን ነገር ግን ገና ነኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስንት ሰሃን እንደበላሁ ሳስበው ይቅርታው ከአፌ አይወጣም። በየቀኑ እሞክራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግማሽ ይወጣል። ዶክተሯን አመሰግናለሁ፤ ሁለታችንንም ያየችን እሷ ናት። መምህር ታደሰን አመሰግናለሁ። የሺን በጽሑፍ ማመስገን አልችልበትም።

ከሐኪም ቤት በመጣን ማግስት ጠዋት ቀድሜያት ተነሳሁ። ቡታጋዙን ለኮስኩ። ሽንኩርቱን መክተፍ ስለማልችል ፈቀፈቅኩት። በርበሬውን አቁላልቼ እንጀራውን ፈረፈርኩ። ትሪውን አወጣሁ፤ ፍርፍሩን በአንድ በኩል፣ ጥሬ ጎመኔን በሌላ በኩል አደረግኩ። ጠራኋት። ነጠላዋን ደርባ መጣችና ትሪውን አየችው።

«ጨው አለው?» አለች።

«አልቀመስኩትም።»

ተቀመጠች። እኔም ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። በእነዚህ በጎበጡ ጣቶቼ ፍርፍሩን ጠቀለልኩ፤ ተበተነብኝ፤ እንደገና ጠቀለልኩ። እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ቆየች። ከዚያ አፏን ከፈተች።