«ከዚህ» ማለት ከየት ነው?

ደብረ ማርቆስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረችኝ። ከደምበጫ ገጠር የመጣች፣ በልጅነቷ በበሽታ ዓይኗን ያጣች፣ ጠይም ቀጭን ልጅ። ከአንዲት የአገሯ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ጓደኛዋ ክንዷን ይዛ ታመጣታለች፤ ሁለቱም ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

ነባሮቹ መምህራን አስቀድመው መክረውኛል። «እሷን በሂሳብና በፊዚክስ አታስጨንቂያት። ዝም ብላ ታዳምጥ፤ ማርኩ ላይ እንተባበራታለን» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም። ለእሷ የሚሆን መጽሐፍ አልነበረንም፤ እኔንም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለማያይ ሰው ፊዚክስ እንዴት እንደሚነገር ያስተማረኝ የለም።

የዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርት ስለ እንቅስቃሴ ነበር። ሰሌዳው ላይ መንገድ ስዬ፣ «መኪናው ከዚህ ተነስቶ እዚህ ደረሰ እንበል» እያልኩ በጠመኔ አንኳኳለሁ። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከዚህ ማለት ከየት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም፣ አላፈረችምም፤ ፊቷን ወደ ድምፄ አዙራ መልስ ትጠብቃለች። ልመልስላት አፌን ከፍቼ ቆም አልኩ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው እኮ! አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ ለማለት መጀመሪያ ከምን አንጻር እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል።

«ከበሩ እንነሳ» አልኳት። «በሩ መነሻችን ይሁን። ከበሩ ተነስቼ ወደ መስኮቱ ስሄድ ኮቴዬን አዳምጪ።»

መስኮቱ ጋ ደርሼ ተመለስኩና በሩን መታ መታ አደረግኩት። «አሁንስ ከመነሻዬ ምን ያህል ራቅሁ?»

«ምንም» አለች ቶሎ ብላ። «ደክመዋል እንጂ የትም አልሄዱም።»

አሁን የሳቅኩት እኔ ነኝ። በርቀትና በዲስፕሌስመንት፣ ማለትም ከመነሻ በመራቅ፣ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚያ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቤተ ሙከራው ውስጥ መገናኘት ጀመርን። የካርቶን ክዳን ላይ ሲባጎ በሙጫ እያጣበቅሁ ግራፍ እሠራላታለሁ። ወደ ቀኝ መሄድ ጊዜ ነው፣ ወደ ላይ መውጣት ርቀት ነው አልኳት። ሽቅብ በተወጠረው ሲባጎ ላይ ጣቷን አስኬደች።

«ይሄ ዳገት ነው» አለች።

«ታዲያ መኪናው እዚህ ጋ እንዴት ነው የሚሄደው?»

«እያቃሰተ ነዋ! ዳገት ላይ ማን ይሮጣል?»

አገሯ ዳገት ነው፤ አልፈረድኩባትም። ሲባጎው የመንገዱ መልክ እንዳልሆነ ለማስረዳት ያን ቀን ሙሉ ለሙሉ አልተሳካልኝም። በሚቀጥለው ቀን ግን ጣቷን ደጋግማ እያመላለሰች ድንገት ቀጥ አለች። «ቆይ ቆይ… ጊዜው ትንሽ ሄዶ ርቀቱ ብዙ ከወጣማ ሩጫ ነው። እንግዲያው መኪናው የቆመው እዚህ፣ ሲባጎው የተጋደመበት ሜዳው ላይ ነው!» ብላ ካርቶኑን በመዳፏ መታችው። ደስታዋ ተጋብቶብኝ እኔም ጠረጴዛውን መታሁት።

አክስለሬሽን ላይ ስንደርስ ግን አቃተን። የፍጥነት ለውጥ ነው እላታለሁ፤ ቃሉን በቃሏ ይዛ ትመልስልኛለች፤ እንዳልገባት ድምፅዋ ያስታውቃል።

ለፋሲካ ትምህርት ሲዘጋ ጓደኛዋ ቀድማት ሄዳ ነበር። እኔም ደምበጫ የተዳረች እህቴን ልጠይቅ ስለምሄድ አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን። ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥን። ከመናኸሪያው ወጥተን አስፋልቱ ላይ ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ጀርባዋ ከወንበሩ ተጣበቀ።

«ጨመረ» አለች።

«ጨመረ።»

ጥቂት ቆይታ ግራ ገባት። «አሁንስ? ቆምን እንዴ?»

በመስኮቱ ባሕር ዛፉ ወደ ኋላ ይበራል። «ኧረ እየበረርን ነው!»

«ምንም አይሰማኝም እኮ።» ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ተሳበች፤ ሲለቀቅ ተመለሰች። ከዚያ በለሆሳስ «ለሰውነቴ የሚሰማው መሄዱ አይደለም፤ መለወጡ ነው» አለች።

«እሱ ነው አክስለሬሽን ማለት» አልኳት።

ኩርባው ጋ ስንደርስ ትከሻዋ ትከሻዬን ገፋው። «አሁን ደግሞ ምን ለወጠ?» ስትል አንገቴን አስግጌ የሹፌሩን የፍጥነት ቆጣሪ አየሁ። ቀስቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ፍጥነቱን አልለወጠም» አልኳት።

አሰበች። «አቅጣጫውን ነዋ! ዞረ!»

ሹፌሩ በመስታወት እያየን «ምን ሆናችኋል?» አለ። እኛ እየሳቅን ነበር።

ደምበጫ የገበያ ቀን ስለነበር መናኸሪያው በሰውና በጋሪ ተጨናንቋል። እናቷ ሰውን በክንዳቸው እየከፈሉ መጥተው አንገቷን አቅፈው አገላብጠው ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አስተማሪዋ እርስዎ ነዎት? ምን ይሆን የሚያስተምሯት?»

«ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚሄድ ነው» አልኳቸው።

«ኧረ እሷ መሄድ መቼ ጠፋት!» አሉ። «ዓይኗ የጠፋ ጊዜ ያስቸገረችን አርፋ አልቀመጥ ብላ ነው።»

የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ጥያቄውን እያነበብኩላት በቃል መለሰች። ያገኘችው ማርክ የራሷ ነው፤ ማንም አልተባበራትም። አሥረኛን ጨርሳ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ እንደ ሌሎቹ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ፊዚክስ የማይሰጥበት ሶሻል ተመደበች። እኔ ተናድጄ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ሰንብቼ፣ ምንም ማድረግ እንደማይቻል ሲነገረኝ ልነግራት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ድምፄ እየተቆራረጠ ነገርኳት።

እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«ቲቸር፣ አይዘኑ» አለች በመጨረሻ። «እኔ እኮ ድሮም ጠበቃ መሆን ነው የምፈልገው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማዘኔ ታውቋት ነው መሰለኝ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ፊዚክስን ግን በጣም ወድጄው ነበር» አለችኝ፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።